ቄስ ያጋጠመው ጀልባ

ወንዶቹ የቆዳውን ጀልባ ገልብጠው በራሳቸው ላይ ተሸክመው ወደ ባሕሩ ሲወርዱ፣ ቄሱ ሊባርካቸው እያለከለከ መጥቶ መንገዱ ላይ ተገተረ። ጀልባውን ወዲያው ሣሩ ላይ አስቀመጡት። ወደ ባሕር ሲወርድ ቄስ ያጋጠመው ዓሣ አጥማጅ በዚያ ቀን መቅዘፊያ አይነካም፤ ከነካም አይመለስም።

«ባሌ እኮ ዓለቱ ላይ ነው!» ብላ ሮናት ጮኸችባቸው። የወፍ እንቁላል ሊለቅም በወጣበት ጀልባው ተሰብሮበት፣ ባሕሩ መሀል ቆሞ እጁን ሲያውለበልብ ከዚህ ይታያል። ውሃው እየሞላ ጉልበቱ ደርሷል።

«ምን እናድርግ፣ እታለም?» አለ ሽማግሌው ቀዛፊ መሬት መሬት እያየ። «አባ ጉድ ሠሩን።»

«እኔ እኮ ልባርካችሁ ብዬ...» ቄሱ ከመሀል አገር ከመጣ ገና ሳምንቱ ነው፤ ፊቱ ደም መሰለ።

ሮናት የቄሱን መታጠቂያ ጨምድዳ ያዘች። «ቡራኬዎን ያቆዩት። ትከሻ አለዎት? እንግዲያው ያንሱ!» ጀልባውን ከፊት እሷ፣ ከኋላ እሱ ሆነው አነሱት።

«ሴትና ቄስ ባንድ ጀልባ!» ሽማግሌው አማተበ። «ባሕሩ ምን ይላል?»

«ያሻውን ይበል!»

የመጀመሪያው ማዕበል ጀልባውን ሽቅብ ሲያነሳው፣ ቄሱ ጥርሱ እየተንገጫገጨ «ልጄ፣ ባሕሩ እንደኔ ያለውን ሰው አይወድም አሉ እኮ» አለ።

ሮናት መቅዘፊያውን አስጨበጠችው። ዓይኗን ከዓለቱ ሳትነቅል፣ «እኔንስ መቼ ወደደኝ፣ አባ?» አለችው። «ይልቅ ይቅዘፉ!»