ለቅሶ ቤት አልሄድም

ነጠላዬን አዘቅዝቄ ብጠብቃትም እናቴ ከወንበሯ አልነሳ አለች። የጎረቤታችን የጋሼ አስናቀ ባለቤት፣ ክርስትና ያነሱኝ እትዬ የውብዳር፣ ትናንት ተቀብረዋል።

«እማዬ፣ ሰው ምን ይለናል?»

«የእድሩን ድንኳን ሸጦ የበላ ሰው ቤት አልሄድም። አንቺው አይደለሽ የነገርሽኝ?»

ጋሼ አስናቀ ለምክር ቤት ይወዳደራሉ። አዲሱ የምርጫ ሕግ ደግሞ ተፎካካሪዎቻቸው መራጩ የሚያምነውን ሰው ድምፅ አስመስሎ በሚናገር ማሽን እንዲደውሉ ይፈቅዳል። እኔ ፕራግ ስማር እናቴ ጋ በየቀኑ በእኔ ድምፅ ሲደውሉ ከርመዋል።

«እኔ አይደለሁም፣ ማሽን ነው እኮ።»

«አውቃለሁ። ቀበሌ ሰብስቦ ነግሮናል።»

«ታዲያ ለምን ታምኛታለሽ?»

«መጀመሪያ ጉልበቴን ትጠይቀኛለች። መድኃኒቴን ካልዋጥኩ ትቆጣኛለች። የአስናቀን ነገር የምታነሳው ከዚያ በኋላ ነው።»

ተነስቼ መጋረጃውን ገለጥኩላት። የእድሩ ስም በትልቁ የተጻፈበት ድንኳን ጋሼ አስናቀ ደጅ ተተክሏል፤ ለቀስተኛው ይገባል፣ ይወጣል።

እናቴ መስኮቱ ጋ መጥታ ድንኳኑን ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ መጋረጃውን ቀስ አድርጋ መለሰችው።

«እስቲ ልጄ ስትደውል እጠይቃታለሁ» አለችኝ።