ሌት የምትባለው ቃል

ያምሮት ፍኖተ ሰላም ዘጠነኛ ክፍል ስትማር እንግሊዝኛ የሚያስተምሯቸው ሚስተር ሰልቫም የሚባሉ ህንዳዊ ነበሩ። ሰባት ዓመት ኖረው አማርኛውን ለምደውታል። አንድ ቀን ጥቁር ሰሌዳው ላይ አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ጻፉና ጮክ ብለው አነበቧት፤ «ሌት»።

ክፍሉ ሳቀ። «ቲቸር፣ ሌት እኮ በእኛ ጨለማ ነው!» አለ አንዱ ከኋላ።

«እኛ የህንድ ታሚሎች ዘንድማ የባሰ ነው» አሉ መምህሩ። «ሕፃን ሳለሁ ትምህርት ቤት ሲመዘግቡኝ ከአባቴ ስም ፊት ይህችን ቃል ጻፏት። እኔ የማውቃት ‹የዘገየ› በሚለው ፍቺዋ ብቻ ነበር። አባቴ ዘግይቶ ነው ብዬ ስንት ቀን አውቶቡስ መቆሚያው ላይ ጠበቅሁት። ለካ የሞተንም ሰው እንዲሁ ነው የሚሉት። እናቴ ደግሞ በታሚልኛ ‹ማራይንዳ› ትለው ነበር፤ የተሰወረ እንደማለት ነው። ተደብቆ መስሎኝ ጓሮ ለጓሮ ፈለግሁት።»

«እኛም ‹አረፈ› እንላለን» አለች ያምሮት። «ደክሞት የተቀመጠም አረፈ፣ የሞተም አረፈ ነው።»

«ሰምና ወርቅ!» አሉ መምህሩ ደስ ብሏቸው።

በሳምንቱ አያቷ ወይዘሮ አቻምየለሽ በጉያቸው ፖስታ ይዘው ከገጠር ቤታቸው ያምሮት ዘንድ መጡ። የሰጣቸው የጅጋው ነጋዴ ዑስማን ነው። ለያምሮት አባት ለእንዳለው የሚላክ ደብዳቤ በዑስማን ሱቅ በኩል ነበር የሚያልፈው፤ ያን ቀን ግን እንዳለው የመሬት ድልድሉ ስብሰባ ላይ ስለዋለ ገበያ አልወጣም። ዑስማንም ማህተሙን አይቶ «እሜቴ፣ ይሄ ከሱዳን ነው፤ የምሥራች!» ብሎ በእጃቸው ሰጣቸው።

ሱዳን ያለው ታናሽ ልጃቸው ክንዱ ነው። በደርግ ጊዜ ከብሔራዊ ውትድርና ሸሽቶ በመተማ ከወጣ አሥራ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። እስኪመለስ ማሳውን እንዳለው በአደራ ያርስለታል።

ደብዳቤው እንግሊዝኛ ነበር። ያምሮት አልደፈረችውም፤ አያቷን ይዛ ሚስተር ሰልቫም ዘንድ ሄደች።

«የኔታ፣ ልጄ ምን አለ?» አሉ አሮጊቷ።

መምህሩ አነበቡት። ደግመው አነበቡት። ያምሮት በክንዳቸው ሥር አጮልቃ አየች። ከስደተኞች ቢሮ በታይፕ የተጻፈ ነው። መሃሉ ላይ ያቺ ቃል አለች፤ ሌት። ወረድ ብሎ የክንዱ ስም። ወዲያው መምህሩ ወረቀቱን አጠፉት።

«ልጅዎ በሕይወት አለ» አሉ። «ግን ይዘገያል።»

ያምሮት ቀና ብላ አየቻቸው። ዐይናቸውን አሸሹባት።

«ተመስገን!» አሉ አያቷ መሬት ስመው። «ዘገየ እንጂ ቀረ አላሉኝም።»

«ወረቀቱ እኔ ጋ ይቆይ» አሉ መምህሩ። «በአማርኛ ጽፌ እሰጣችኋለሁ።»

ያምሮት አያቷን ገጠር ስታደርስ እንዳለው ወሬውን ሰማ፤ ፊቱ አመድ መሰለ። «ማን አነበበው?» አለ።

«መምህራችን» አለች ያምሮት።

«ወረቀቱ ምን ይላል?»

«አጎቴ ይዘገያል ይላል።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

በረጅሙ ተነፈሰ። ለወንድሙ ብሎ እንደሆነ ገባት፤ አሳዘናት።

ከዚያ ወዲያ ቤቱ ቤት አልሆነም። አያቷ ለክንዱ መደቡ ላይ አጎዛ አነጠፉለት፤ ማንም እንዳይቀመጥበት ከለከሉ። በሩ እንዳይቀረቀር አዘዙ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነጭ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከአጥሩ በር ይቆማሉ። ውሻ በጮኸ ቁጥር «መጣ!» ይላሉ። ያምሮት ቅዳሜ ቅዳሜ ከፍኖተ ሰላም ስትመለስ ከሩቅ ታያቸውና ሙት የቆመ ይመስላታል። ቤት ስትገባ ደግሞ በዚያ ባዶ አጎዛ ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረ ሰው ተኝቶ ይታያታል። ያልተለቀሰለት ሙት ቤት አይለቅም ሲባል ሰምታለች።

ትምህርት ሳይዘጋ ክረምቱ ገባ። አሮጊቷ ዝናቡ እየወረደባቸው መቆማቸውን አልተዉም። ሳል ጀመራቸው።

«አባዬ፣ እምዬ እርማቸውን ያውጡ» አለች ያምሮት አንድ እሁድ። «እንዲህ ሆነው እስከ መቼ ይጠብቃሉ? አጎቴ ሞቷል።»

እንዳለው ዞር አለ። «ማን ነገረሽ?»

«ቃሏን በዐይኔ አይቻለሁ። ‹ሌት› ይላል። የሞተን ሰው ነው እንዲያ የሚሉት። መምህሩ ለእምዬ አዝነው ነው የደበቁት።»

አባቷ አቀረቀረ። በጣቱ መሬቱን ይጭራል።

«እንግዲያ ሞቷል እንበላቸዋ» አለ በመጨረሻ። «ለቅሶውን እኔ አሰናዳለሁ። ቀበሌም ሄጄ አስመዘግባለሁ። ብቻ ያን ወረቀት አምጪልኝ።»

ሰኞ ጠዋት ያምሮት የመምህራን ክፍል ገባች። ሚስተር ሰልቫም ብቻቸውን ነበሩ።

«ቲቸር፣ ደብዳቤውን ልወስድ ነው። ለቅሶ ልንቀመጥ ነው።»

«ለማን?» አሉ ደንግጠው።

«ለአጎቴ ነዋ። አውቄያለሁ፤ አይደብቁኝ። እርስዎም አባትዎን አውቶቡስ መቆሚያ ላይ ጠብቀዋል። አያቴ ያን ያህል ዕድሜ የላቸውም።»

መምህሩ ዝግ ብለው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። መሳቢያውን ከፍተው ወረቀቱን አወጡ፤ ግን ቶሎ አልሰጧትም።

«የደበቅሁት ለአያትሽ ብዬ ብቻ አይደለም» አሉ። «ለአንቺም ብዬ ነው። ተቀመጪና ራስሽ አንብቢው።»

ያምሮት ተቀመጠች። ጣቷን ከየቃሉ ሥር እያስኬደች ቀስ ብላ አነበበች።

«ለአቶ እንዳለው፦ የሟች እናትዎን የወይዘሮ አቻምየለሽን መርዶ የጻፉበት ደብዳቤ ደርሶናል፤ ወንድምዎን ክንዱንም አርድተነዋል። እርሱም ከእንግዲህ የሚጠብቀኝ የለም ብሎ ወደ አገሩ ለመመለስ ያስገባውን ማመልከቻ ሰርዟል።»