ጀልባ የለመነው እንግዳ

መርከቡ የሰጠመበትን እንግዳ የደሴቲቱ ሰዎች ከባሕር አውጥተው አበሉት። በሕጋቸው፣ ስለ አገሩ እውነቱን የተናገረ እንግዳ መመለሻ ጀልባ ይሰጠዋል።

«በእኛ አገር የሚያርሰው ይራባል፤ የማያርሰው ግን ጎተራው ሞልቶ ይፈሳል» አለ።

አሮጊቷ አለቃቸው ሳቀች። «ውሸትህን ነው! አራሾቹ እጅ የላቸውም እንዴ?»

«አላቸው።»

«ታዲያ ምን ይሠሩበታል?»

«ጎተራውን ይጠብቁበታል።»

ሳቁ ደመቀ። እንግዳው «የአባቴ አጥንት ይውጋኝ!» ብሎ ማለ። ያን ጊዜ አመኑት፤ አለቀሱለትም።

«እውነት ተናግረሃል፤ ጀልባውን ግን አንሰጥህም» አለች አለቃቸው እንባዋን እየጠረገች። «ሰውን ወደ ረሃብ መልሰን አንልክም። እዚሁ ከእኛ እኩል ትበላለህ፣ ልጄ።»

«እናቴ፣ እባክዎ ይልቀቁኝ!» ብሎ እግሯ ላይ ወደቀ።

«ለምን? ልትራብ?»

«እኔ አልራብም» አለ። «ጎተራው የእኔ ነው።»