ዶሮ የሚያርድ ወንድ ጠፋ

ዶሮዋን በክንፏ ይዤ መሃል መንገድ ላይ እገተርና የአስማረን ጋሪ አስቆመዋለሁ። ፈረሱ ደንግጦ ወደ ኋላ ይላል። እኔ ግን ንቅንቅ የለም!

«አስማረ፣ በማርያም ውረድና ይቺን ዶሮ እረድልን!»

አስማረ መጀመሪያ እኔን ያያል፣ ቀጥሎ ዶሮዋን። ከዚያ ቀስ ብሎ ማዶ ያለውን የእትዬ ወርቅአየሁን ሆቴል ሰረቅ አድርጎ ያያል።

«ባርድልሽ ደስ ይለኝ ነበር። ግን እትዬ ወርቅአየሁ ‹አረቡ ግቢ ገብቶ ቢላ ያነሳ፣ እኔ ቤት ጠጅ አይቀምስም› ብላለች። ያለ ጠጅ ደግሞ…» ይልና አለንጋውን ያነሳል።

ለጠጅ! አስቡት እስቲ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ጅዲ፣ አያቴ ማለት ነው፣ ከየመን መጥቶ እዚህ ዳንግላ ሻይ ማፍላት የጀመረው ገና ጣልያን ሳይገባ ነው። አባዬ ዳቦ ጨመረበት፤ አሁንም ዱቄት ሊያመጣ ባሕር ዳር ሄዷል። እኔ ደግሞ ወጥ ልጨምርበት! ሻይና ዳቦ፣ ሻይና ዳቦ እያልን እስከ መቼ? ግን እኛ ያረድነውን ክርስቲያን አይበላም፣ ክርስቲያን ያረደውን እኛ አንበላም። ስለዚህ ክርስቲያኗን ጎረቤታችንን እትዬ ደጊቱን ለመንኳት። የራሷን ድስት፣ የራሷን ቢላ፣ የራሷን ዶሮ ይዛ መጣች። ጓሮውን በአጥር ከፍለን ለብቻዋ ምድጃ ሠራንላት። ሁሉን አሰብኩ! አንዲት ነገር ብቻ ረሳሁ። ሴት ልጅ ዶሮ አታርድም። የእትዬ ደጊቱ ባል ደግሞ ካረፈ ቆይቷል።

ጅዲ የሰጠኝ ዛሬን ብቻ ነው። «ዛሬ አንድ ሰው እዚህ ቤት ወጥ ካልበላ፣ ነገ ያንን ድስት ግቢዬ ውስጥ አላየውም» ብሎኛል። ይኸው በረንዳው ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተቀምጧል፤ ላለማየት።

«ነጅማ! ቁሌቱ እኮ ሊያርብኝ ነው!» ትላለች እትዬ ደጊቱ ከአጥሩ ብቅ ብላ። አስማረ ሹልክ ሲል ስታየው በአገውኛ ስድቡን ታወርድበታለች። እዚህ አልጽፈውም፣ በሳቅ ግን ልሞት ነው።

እትዬ ወርቅአየሁ ደጇ ላይ ወገቧን ይዛ ቆማለች። «አንቺ የአረብ ልጅ! ዶሮዋ እጅሽ ላይ በእርጅና ልትሞትብሽ ነው!»

«በእርጅና የሞተውንማ የሚሸጡት እርስዎ ነዎት!»

ወይኔ፣ አፌ! መንገደኛው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ግን ማን ይመልሰኛል?

ይሄኔ የጎንደሩ አውቶቡስ አቧራውን እያስነሳ ይመጣል። ዳንግላ ያድራል፤ ተሳፋሪው ደግሞ ሁልጊዜ እንደ በግ ተነድቶ የሚገባው ወርቅአየሁ ቤት ነው። እሷም ነጠላዋን አስተካክላ ፈገግታዋን ለብሳ ትጠብቃለች። አላስብም። በሩ ሲከፈት ዘልዬ እገባለሁ፣ ዶሮዬን እንደያዝኩ!

«ከመሃላችሁ ክርስቲያን ወንድ አለ?»

ዶሮዋ እጄ ላይ ትንፈራገጣለች።

«ለጋብቻ ነው?» ይላል አንዱ ከኋላ።

«ለዶሮ ነው!»

አውቶቡሱ በሳቅ ይናጋል። ፊቴ እሳት ሆኗል፤ ቢሆንም አልወርድም። እናገራለሁ፣ ሁሉንም፣ ድስቱን፣ አጥሩን፣ አስማረንና ጠጁን፣ ትንፋሽ ሳልወስድ። መስኮቱ ጋ የተቀመጠ ረጅም ወታደር ባርኔጣውን ከዓይኑ ላይ ገፋ ያደርገዋል።

«ቢላው የማን ነው?»

«የእትዬ ደጊቱ። ድስቱም የእሷ፣ እሳቱም የእሷ፣ ዶሮዋም የእሷ።»

«ታዲያ ያንቺ ምኑ ነው?»

«ቤቱና ምላሱ!»

ይስቃል። ከዚያ ይነሳል! እጅጌውን እየሰበሰበ ይወርዳል፣ ተሳፋሪውም ትርኢት እንዳለ ሁሉ ተግተልትሎ ይከተለዋል። እትዬ ወርቅአየሁ መንገዱን አቋርጣ ልትመጣ ምንም አልቀራት።

«አንተ ወታደር! አረብ ቤት ልትበላ ነው?»

«እኔ ያረድኩትን እበላለሁ፣ እመቤቴ። ደግሞ ርቦኛል።»

እትዬ ደጊቱ ቢላዋን ትሰጠዋለች። ወታደሩ ዶሮዋን ከእጄ ተቀብሎ በሩ ሥር ጎንበስ ይልና «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» ብሎ አንዴ ይስባል። አለቀ። ዶሮዋ ትንሽ ትዘላለች፣ ከዚያ አትዘልም። ሰዉ ደግሞ አልሄደም! አንዷ ሴትዮ በረንዳችን ላይ ቁጭ ብላ ጫማዋን አውልቃለች። ልጇን ታጠባለች። ሌላው «ወጡ እስኪደርስ ሻይ የለም?» ይላል። ልጮህ ነው፣ ልዘል ነው!

ጅዲ ይነሳል።

ማንንም አያይም። በሰዉ መሃል አልፎ ወደ ውስጥ ይገባል። መቀርቀሪያውን ሊያመጣ ነው እላለሁ፣ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት በሩን ሊዘጋብኝ ነው። ወታደሩ በደም የራሱትን እጆቹን ወደ ፊት ዘርግቶ የሚያብስበት አጥቶ ቆሟል።

ጅዲ ሲመለስ የያዘው ለሶላት የሚታጠብበትን ማንቆርቆሪያ ነው፣ እኛ እንኳ እንድንነካው የማይፈቅደውን። ትከሻው ላይ ንጹሕ ፎጣ ጣል አድርጓል።

«እጅህን አምጣ፣ ልጄ» ይለዋል።

ያፈስለታል። ዓይኑ ግን ውሃው ላይ አይደለም፤ ማዶ፣ ቀጥ ብሎ እትዬ ወርቅአየሁ ላይ ነው። ውሃው መጀመሪያ ቀይ ሆኖ ይወርዳል፣ ከዚያ ይጠራል። ጅዲ ግን ማፍሰሱን አያቆምም።