ልጄ የተከለልኝ ጎደሬ

አማቷ ሦስተኛውን ሥር በባዶ እጃቸው እየላጡ ነበር። ልጣጩ ቡናማና ጠጉራም ነው፤ ውስጡ ነጭ ሆኖ ቢላው ባለፈበት ሁሉ ውሃ ያቋጥራል። በየመሃሉ ቢላውን እያስቀመጡ የእጃቸውን ጀርባ በሽርጣቸው ያሻሉ። እጃቸው እስከ አንጓቸው ቀልቷል።

ምራቲቱ የወጥ ቤቱን በር ተደግፋ አየቻቸው። ከሥራ መግባቷ ነው፤ ቦርሳዋን እንኳ ከትከሻዋ አላወረደችም። ስትገባ ከአጥሩ በር አጠገብ የነበረው የዝሆን ጆሮ የሚባለው ተክል በቦታው አልነበረም። ያየችው ጉድጓዱንና በጎን የተከመሩትን ቅጠሎች ብቻ ነው።

«እማማ፣ ይሄ እኮ ጎደሬ አይደለም» አለች።

«ታዲያ ምንድን ነው? ሽንኩርት ነው?»

«የጌጥ ተክል ነው። አይበላም።»

«ልጄ ነው የተከለልኝ» አሉ አማቷ፣ ቀና ሳይሉ። «ልጄ ለእናቱ መርዝ ይተክላል?»

የልጃቸው ነገር ከተነሳ በዚያ ቤት ክርክር አበቃ ማለት ነው። ባሏ ከሞተ ስምንት ወሩ ነው። የተዋወቁት ችግኝ ጣቢያ ውስጥ ነበር፤ እሱ ይተክላል፣ እሷ የየችግኙን ስም እየጻፈች ትለጥፋለች። ጎደሬን ከዘመዶቹ መለየት ያስተማራት እሱ ነው። የጎደሬ አገዳ ከቅጠሉ ጋር የሚገናኘው ከጠርዙ ገባ ብሎ፣ ሆዱ ላይ ነው፤ ቅጠሉም አንገቱን ደፍቶ መሬት መሬት ያያል። የዚህኛው አገዳ ግን የሚነሳው ከቅጠሉ ስንጥቅ ነው። ቅጠሉ ያብረቀርቃል፣ ጫፉንም ወደ ሰማይ ይቀስራል። «ቁርጥ እናቴን» ይል ነበር እየሳቀ፤ «ያምራል እንጂ አይነካም።» ከበሩ አጠገብ የተከለላቸውም በዚሁ ቀልድ ነው።

«ሲተክለው ጓንት አጥልቆ ነበር፣ እማማ። እጅዎን ይዩት እስቲ።»

«ጎደሬም ያሳክካል። አንቺ ሳትወለጂ ጎደሬ ልጬ ልጅ አሳድጌያለሁ።»

ይሄ እውነት ነው፤ ጎደሬም በጥሬው ያሳክካል። ክፋቱ እሱ ነው። አማቷ አንድ እውነት ከጨበጡ ለሌላው ጆሮ ዳባ ልበስ ይላሉ።

ሌላም ማለት ነበረባት። ግን ባለፈው እሁድ «አንቺ ገና ወጣት ነሽ፣ መንገዱ ክፍት ነው፤ የልጄ ልጅ ግን ከዚህ ደጃፍ አትወጣም» ብለዋታል። ቤቱ የእሳቸው ነው። የገዛ እናቷም ስትድራት የሰጠቻት ምክር አንድ ብቻ ነበር፤ ዝም አይነቅዝም። ስለዚህ ቦርሳዋን አስቀምጣ ዝም አለች። ድስቱ ተጣደ፣ ፈላ፣ እሷም ሳህን አጠበች። ለልጄ ከመድረሱ በፊት አንድ ነገር እላለሁ እያለች ራሷን ስታባብል፣ አማቷ ሹካ ሰክተው ሞከሩትና አወረዱት። በራሷ አፈረች።

ልጇ ድንቡሼ ከጠረጴዛው ተቀምጣ እግሯን ታወዛውዛለች። አራት ዓመቷ ነው፤ ጉንጮቿ ናቸው ያንን ስም ያወጡላት። አያቷ ጨው ነሰነሱና ትልቁን ቁራጭ ሳህኗ ላይ አደረጉላት።

«ብዪ የኔ እናት። አባትሽ ነው የተከለው።»

ልጅቷ አንስታ ወደ አፏ ስትወስደው እናቷ እጇን ለቀም አደረገቻት። ቁራጩ ጠረጴዛው ላይ ወደቀ።

«አይሆንም፣ እማማ። ለልጄ አይሆንም።»

አማቷ ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት። «ልጄን አፈር በላብኝ» አሉ፤ «ከእሱ የቀረኝን ደግሞ አንቺ መርዝ አደረግሽብኝ። እንግዲያው እዪኝ!»

ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነና የወደቀውን ቁራጭ አንስተው እንዳለ ጎረሱት። አንዴ አኘኩ። ሁለቴ። ሦስተኛው ላይ መንጋጋቸው ቆመ።

ምን እንደያዛቸው ምራቲቱ ታውቃለች። ድሮ ችግኝ ጣቢያው ውስጥ የዚሁ ተክል ፈሳሽ የነካውን ጣቷን ረስታ ከንፈሯን ጠርጋበት ነበር፤ ያን ዕለት ሙሉ አፏን እንደ መርፌ ሲወጋት ዋለ። ይሄ ደግሞ አፍ ሙሉ ነው።

«ይትፉት፣ እማማ! በፈጠረዎት አምላክ፣ ይትፉት!» እጇን ከአገጫቸው ሥር ዘረጋች።

አማቷ ከንፈራቸውን ገጥመው ራሳቸውን እንቢ በሚል ወዘወዙ። ልጃቸው ሲቀበር ሰው ፊት ያላለቀሱት ሴትዮ እንባቸው በጉንጫቸው ወረደ። ከንፈራቸው ያብጥ ጀመር። ከዚያ ጉሮሯቸው ከፍ ዝቅ ሲል አየች፤ ውጠውታል።

ከማቀዝቀዣው ወተት አወጣች፣ በሌላ እጇ ለአምቡላንስ ደወለች። «የዝሆን ጆሮ ነው... ተክሉ፣ አዎ... አማቴ ናቸው፣ ውጠውታል፣ እያበጡ ነው፣ ቶሎ በሉ!» ብርጭቆውን ስትሞላ ግማሹን መሬት ላይ ደፋችው። ቀደም ብላ ድስቱን ብትደፋው ኖሮ የሚመጣው ቁጣ ብቻ ነበር።

ድንቡሼ አያቷን ቀና ብላ አየቻቸው።

«አያቴ፣ ይጣፍጣል?»

አሮጊቷ መናገር አልቻሉም። እንባቸው እየወረደ ራሳቸውን ወደ ታች ነቀነቁላት፤ አዎ፣ ይጣፍጣል። በቀላው እጃቸው ደግሞ የልጅቷን ሳህን፣ ትንሿ እጅ ከማትደርስበት እስከ ጠረጴዛው ዳር ድረስ፣ ቀስ አድርገው ገፉት።