የግራው ባሌስትራ

ዝገቱን በፈቀፈቅሁት ቁጥር ፓራፋንጎው እጄ ላይ ይፈረፈራል። ፓራፋንጎ ማለት ጎማውን ከላይ የሚከድነው ቆርቆሮ ነው፤ ስሙን ከጣሊያኑ መካኒክ ዛሬ ጠዋት ተማርኩ። ካሚዮኑ ጅረቱ አፋፍ ላይ ጭቃ ሲይዘው ጣሊያኖቹ ጥለውት ሄደው፣ ሁለት ክረምት ሙሉ ሲዘንብበት ኖሯል። አሁን መኪና ሲያጥራቸው ትዝ አላቸውና እኔን ከቤቴ ጎትተው አመጡኝ። በዚህ አገር ብረት የሚያውቅ ከእኔ ከአለበል በቀር የለም።

"በደንብ ፈቅፍቅ!" ይለኛል አስተርጓሚው ድረስ። የጉንደ ወይን ልጅ ነው፤ የጣሊያን ቆብ ደፍቷል። ዳቦውን የሚገምጠው ግን ጀርባውን ሰጥቶኝ ነው። ቀጥቃጭ ፊት እህል አይበላማ! ቀጥቃጭ ቡዳ ነው፣ ዓይኑ ሰው ይበላል ይባላል። ቆቡ የሮም ቢሆንም ሆዱ የጎጃም ነው።

መካኒኩ ከካሚዮኑ ሥር ገብቶ ይቆይና ጭቃ ለብሶ እየጮኸ ይወጣል። "ባሌስትራ! ባሌስትራ!" ይላል። ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አላስፈለገኝም። በግራ በኩል ካሚዮኑን የሚሸከሙት፣ የጎበጡት ተደራራቢ ብረቶች የሉም። ፈትቼ የወሰድኳቸው እኔ ነኝ። ቀጥቅጬ ዘጠኝ ማረሻ ሠራሁባቸው፤ ዘጠኙም ዛሬ በዘጠኝ ገበሬ ማሳ ላይ ናቸው።

ወሩ ሰኔ ነው። ካሚዮኑን በገመድ እንዲስብ ወንድ ሴት ሳይባል ሃያ ያህል ሰው በወታደሮች ከየእርሻው ተለቅሞ መጥቷል። ከጅረቱ ማዶ የፈንታ በሬዎች እንደተጠመዱ ቆመዋል፤ የእኔ ማረሻ አፈር ውስጥ እንደተተከለ ነው። ፈንታ ራሱ እዚህ ገመድ ይዞ ከንፈሬን ከንፈሬን ያየኛል።

"ባሌስትራውን የት አደረስከው?" ይለኛል ድረስ።

"ጎርፍ ወስዶት ይሆናል፣ ጌታዬ።"

"ጎርፍ ብሎን ይፈታል? ለማን ለማን እንደሰጠህ ስም ጥራ። እነሱ ይታሰራሉ፣ ብረቱም ይመለሳል። ካልጠራህ ያ ወይራ ላይ የምትሰቀለው አንተ ነህ።"

ፈንታ ብል ይበቃኛል። አምና ልጁ ሲታመም "የቀጥቃጩ ልጅ በላችብኝ" ብሎ ልጄን ማንጠግቦሽን አስሮ፣ "እትፍ በይበት" እያለ በዱላ ክንዷን ሰብሯታል። እስከ ዛሬ እንስራ አታነሳም። ስሙ ጉሮሮዬ ላይ ደርሷል።

ግን ማረሻውን አየዋለሁ። ሦስት ቀን ከሰል አንድጄ፣ ላቤን ጠብ አድርጌ ያወጣሁት ነው። ለፈንታ አዝኜ አይደለም፣ አልዋሽም። የእኔ እጅ ያቀናው ብረት ግን ተመልሶ ጣሊያን አይሸከምም!

መፈቅፈቂያዬን ጥዬ እነሳለሁ። የድረስን አፍ፣ ከዚያም ዳቦው ሲወርድ ጉሮሮውን ትክ ብዬ አያለሁ።

"ስም ፈልገሃል፤ እሰጥሃለሁ" እለዋለሁ። ጌታዬ ማለቱን ትቼዋለሁ። "መጀመሪያ ግን ያንተን ንገረኝ። ድረስን አይደለም። የክርስትና ስምህን።"

ማላመጡን ያቆማል። የክርስትና ስሙን ክፉ ሰው ፊት እንዳያነሳ እናቱ ገና በልጅነቱ አስጠንቅቃዋለች። የማንኛችን እናት አላስጠነቀቀች?

"ለ... ለምንህ ነው?"

"ስለ እኔ የሚባለውን እነዚህን ጠይቃቸው።"

ወደ ሰዉ ይዞራል። ሃያውም ሰው ገመዱን ለቆ ወደ ኋላ ይላል።

አርባ ዓመት ሙሉ ቡዳ አይደለሁም ስል ኖሬያለሁ። መስቀል ይዤ ምያለሁ፣ በልጄ ምያለሁ፣ ቄስ ፊት አልቅሻለሁ።

"ነኝ" እላለሁ ሁሉም እንዲሰማ። "ቡዳ ነኝ። አባቴም ነበር። ዳቦው ጣፈጠህ ወይ፣ ድረስ?"

ዳቦው ከእጁ ይወድቃል። መካኒኩ ትዕግሥቱ አልቆ ትከሻውን ይዞ ይነቀንቀዋል። ድረስ ፊቱን በክንዱ ከእኔ ጋርዶ በጣሊያንኛ ይንተባተባል። ከሚለው ሁሉ የገባኝ ሁለት ጊዜ ያነሳው አንድ ቃል ነው፦ ሽፍታ። አርበኞቹን ነው እንዲያ የሚሏቸው፤ ባሌስትራውን እነሱ ወሰዱት ማለቱ ነው። ወታደሮቹ ጠመንጃቸውን አንስተው ወደ ጮቄ በኩል፣ ጉም ወደ ሸፈነው ጫካ ያያሉ። መካኒኩ የካሚዮኑን ጎማ በእርግጫ ይለዋል። ብዙም ሳይቆዩ በመጡበት መኪና ላይ ይሳፈራሉ።

"ክረምቱ ሲወጣ ሌላ ባሌስትራ ይዘው ይመለሳሉ" ይላል ድረስ ከመኪናው ላይ ሆኖ መሬት መሬቱን እያየ። "እስከዚያ ካሚዮኑን እንዲጠብቁ ታዘዋል... እርስዎ።" ጎጃሜነቱ ባንድ ጊዜ ተመልሶለታል።

የመኪናው ድምፅ ሲርቅ ወደ ሰዉ እዞራለሁ። ሞኝ ነኝ፤ አንድ ሰው እንኳ እግዜር ይስጥህ ይለኛል ብዬ ነበር። የፈንታ ሚስት፣ የብርጓል፣ ያዘለችውን ልጅ ወደ ሆዷ አዙራ ትጠቀልለዋለች። ፈንታ አማትቦ ጅረቱን ይሻገራል፤ ወደ በሬዎቹ፣ ወደ ማረሻዬ። በድንጋይ ብለው ደስ ባለኝ።

መካኒኩ ረስቶት የሄደውን መፍቻ አንስቼ ከካሚዮኑ ሥር እገባለሁ፣ አሁን በቀኝ በኩል። ብሎኑን ዝገት ነክሶታል። ላምባ አፈስበታለሁ፣ እስኪጠጣ እጠብቃለሁ፣ በመዶሻ ቀስ አድርጌ አንኳኳዋለሁ። ይላቀቃል።

"ማረሻ ያልደረሰው ማነው?" ብዬ ከሥር እጮኻለሁ።

የሚታየኝ እግራቸው ብቻ ነው፤ እግር ሁሉ ወደ ኋላ ይሸሻል። አንድ ጥንድ እግር ግን ንቅንቅ አይልም። አንገቴን አወጣለሁ። ባሏ ዘንድሮ ከአርበኞቹ ጋር ዘምቶ የሞተባት ሥራነሽ ናት። ባንድ እጇ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥርቅም አድርጋ ይዛ፣ ሌላውን እጇን ወደ ላይ አንስታለች።