የኤዲክታ ድስት

ጭልፋውን ድስቱ ውስጥ አቁሜ «የማን ነው?» እላለሁ።

«የኤዲክታ፤ ነፍስ ይማር» ይላል ከፊቴ የቆመው ዓሣ አጥማጅ፣ ጣሳውን እያስጠጋ። እቀዳለታለሁ፤ ካሳቫ፣ ጥሬ ሙዝ፣ አንድ ቁራጭ የፍየል ሥጋ።

እዚህ ማራካይቦ፣ በእኛ የሐይቅ ዳር ሰፈር፣ ደንቡ ይህ ነው። ለተራበ ሁሉ የሚታደለው የቅዳሜ የቤተ ክርስቲያን ድስት በአንድ ሟች ስም ይጣዳል፤ ስሙን ላልጠራ አይቀዳም። ተቀባዩ ምግቡን ይዞ ሲሄድም፣ ደጃፉ ላይ የተቀመጠ ሁሉ «የማን ነው?» ቢለው ቆሞ የመመለስ ግዴታ አለበት። ሳይመልስ ካለፈ፣ ምግቡ ለሟችም ለበላተኛም አይሆንም ይባላል። የዛሬው ድስት የእናቴ ነው። የስፌት መኪናዋን ሰጥቼ ሁለት ፍየል አምጥቼበታለሁ።

«ዲልሲያ» ይለኛል ኔሪዮ፣ ጋዝ ከጠፋ ወዲህ የማገዶውን እሳት የሚቆሰቁሰው ጎረቤቴ። «ንግሥቲቱ መጥታለች። ዘውዷን ግን ቤት ረስታዋለች መሰለኝ።»

ቀና አልልም። ሰልፉ በአንድ ጊዜ ጸጥ ማለቱ ማንነቷን ነግሮኛል።

ብሪሂዳ ናት። እህል በጠፋባቸው ዓመታት ለየቤቱ የሚታደለው የእህል ሳጥን በእሷ እጅ ነበር። የስም መዝገቡን ብብቷ ሥር ሸጉጣ ብቅ ስትል ወንዶች ኮፍያቸውን ያነሡላት ነበር። በአንዱ ዓመት፣ በጥር ወር፣ እናቴ በትሯን ተደግፋ ደጇ ብትቆም፣ ጣቷን በስሞቹ ላይ አንሸራትታ «ኤዲክታ ሞታለች ይላል» አለቻት። እናቴ ቀልድ መስሏት ሳቀች። «እንግዲያስ ይኸው ተነሥቻለሁ!» አለች። ሰልፉ ሁሉ አብሯት ሳቀ። ብሪሂዳ ብቻ አልሳቀችም። «መዝገብ አይሳሳትም። ቀጣይ!»

የእናቴ ሳጥን በዚያው ሳምንት ወደ ብሪሂዳ እህት ቤት ሲገባ በዓይኔ አይቻለሁ። እናቴ የሞተችው በመጋቢት ነው። ሁለት ወር ሙሉ ሞታ ኖረች።

ይህችን ቀን አምስት ዓመት ስጠብቃት ኖሬያለሁ። መጀመሪያ ላይ በሐሳቤ ባዶ ጭልፋ እያሳየሁ እመልሳት ነበር። ቂሜ ሲሰነብት ግን ጣዕሙን ለወጠ።

አሁን ከፊቴ ቆማለች። ከስታለች፤ የሰፋት ቀሚሷ ትከሻዋ ላይ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። በእጇ ክዳን የሌለው ጎድጓዳ ሳህን አለ። ባሏ ራሚሮ አልጋ ላይ ከዋለ ወር እንዳለፈው፣ ምድጃቸውም እሳት ካየ ሦስት ቀን እንደሆነው ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

«የማን ነው?»

«ዲልሲያዬ፣ እንደምን ዋልሽ? ለኔ እንኳን አይደለም፤ ለራሚሮ ነው…»

«ለማን ነው አላልኩዎትም፣ እትዬ ብሪሂዳ። የማን ነው?»

ዓይኗን ድስቱ ላይ ትጥላለች። «የኤዲክታ።»

«አልሰማሁም። እንጨቱ ይንጣጣል።»

«የኤዲክታ!»

«ነፍስ ይማር» ይላል ኔሪዮ ካጎነበሰበት፣ ጸሎት እንደሚያስጀምር ዲያቆን።

«ነፍስ ይማር።»

«መቼ ነው የሞተችው?»

ይህኛው ጥያቄ ከደንቡ ውጭ ነው። ሰልፈኛው ሁሉ ያውቃል፤ አንድም ሰው ግን «ተዪ» አይለኝም።

«ኧረ ዲልሲያ፣ ተይኝ፤ ፀሐዩ አናቴን…»

«እርስዎ ያውቁታል እንጂ። ከእኔ አስቀድመው ያወቁት እርስዎ አልነበሩም?»

ለአፍታ ያህል የድሮዋ ብሪሂዳ አገጯን ታነሣለች። ባዶ ሳህኗን ይዛ ልትሄድ ነው ብዬ እደነግጣለሁ፤ የአምስት ዓመት ድካሜ ሁሉ በአንዲት እርምጃዋ ሊበተን። ከዚያ የድንብላሉ ቅጠልና የፍየሉ ሽታ ከድስቱ ተነሥቶ ፊቷን ይመታዋል። ሳህኗን ወደ ድስቱ ታስጠጋለች።

«በመጋቢት» ትላለች። «በጥር… በጥር በሕይወት ነበረች። ደጄ ላይ ቆማ ነበር።»

«ይኸው ተነሣች!» ትላለች ከሰልፉ መካከል አንዲት ሴት። አሁን የሚስቅ የለም።

ጭልፋውን እስከ ድስቱ ታች እሰደዋለሁ።

«ከላይ ከላዩን!» ይላል ኔሪዮ በሹክሹክታ። «ውኃውን ስጫት! አብደሻል እንዴ?»

አልሰማውም። ጎድን፣ ካሳቫ፣ ዳግመኛ ጎድን። ሾርባው ከሳህኗ አፍ ጋር እኩል ይሆናል።

«ይበቃኛል፣ ልጄ። እግዚአብሔር ይስጥሽ፤ ይበቃኛል።»

«አይበቃዎትም» እላታለሁ፤ ግማሽ ጭልፋ እጨምራለሁ።

ከዚህ ግቢ እስከ ቤቷ አርባ ሦስት በሮች አሉ። በዚህ ሳምንት ብቻ ሁለት ጊዜ ተመላልሼ ቆጥሬያቸዋለሁ። መብራት ጠፍቶ፣ ማራገቢያ ሁሉ በቆመበት በዚህ እኩለ ቀን ቤቱ ውስጥ የሚውል ሰው የለም፤ ሰዉ ሁሉ ወንበሩን አውጥቶ ደጃፉ ላይ ነው። ክዳን የሌለውና እስከ አፉ የሞላ ሳህን ተይዞ ደግሞ አይሮጥም።

ሳህኗን በሁለት እጇ አቅፋ፣ እርምጃዋን እየለካች፣ ዓይኗን ከሾርባው ሳትነቅል ትወጣለች።

«የማን ነው?» ይላል ከመጀመሪያው ደጃፍ አንድ ሽማግሌ።

ትቆማለች። ትኩሱ ሾርባ ጣቷ ላይ ይፈስሳል።

«የኤዲክታ።»

«ቀጣይ!» እላለሁ፣ ጭልፋዬን አንሥቼ። ጆሮዬ ግን ሁለተኛው በር ላይ ነው።